ማሽኑም ተራውን ይጠብቅ፦ ስለ ተረከዝ ሕመምና ስለ መሣሪያ ሕክምናዎቹ



ጠዋት ከአልጋ ወርዳችሁ የመጀመሪያውን እርምጃ ስትረግጡ ተረከዛችሁን ክፉኛ የሚወጋችሁ፣ ጥቂት ስትራመዱ ጋብ የሚልላችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ስትነሡ ደግሞ እንደ አዲስ የሚቀሰቀስባችሁ ካላችሁ፣ የዛሬው ንግግር ለእናንተ ነው። ሐኪሞች ፕላንታር ፋሺያይቲስ ይሉታል። ከ10 ሰው አንዱ ገደማ በዕድሜው አንድ ጊዜ ያገኘዋል ተብሎ ይገመታል፤ በብዛት የሚታየውም ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ነው። ቆሞ የሚውል ሰው ይበልጥ ይጠቃል፦ መምህር፣ አስተናጋጅ፣ ነርስ፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ፀጉር አስተካካይ። ቤይሩት ወይም ሪያድ በሴራሚክ ወለል ላይ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የምትሠራ እህታችንም፣ አሜሪካ መጋዘን ውስጥ ድርብ ፈረቃ የሚሠራ ወንድማችንም ይህን ሕመም በሚገባ ያውቁታል።

ሕመሙ ሲቆይ ሰው ማሽን መፈለግ ይጀምራል። ክሊኒኩ ሾክ ዌቭ ይላል፤ ሌላው ሌዘር ይላል፤ ከውጭ የመጣ ዘመድ ማግኔት ያለበት የጫማ ገበር በሻንጣው ይዞ ይመጣል። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ በእርግጥ ይጠቅማሉ፤ ግን ተራ አላቸው። ተራው ሳይደርስ የገባ ማሽን ገንዘብ ይበላል። ተራው ደርሶ የተነፈገ ሰው ደግሞ ያለአግባብ ይሠቃያል። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ተረከዙ ውስጥ ምን አለ?

ጫማ ማውለቅ የማይከብደው ሰው አንድ እግሩን ያውጣና በሌላኛው ጉልበቱ ላይ ያሳርፈው። አሁን በአንድ እጃችሁ አውራ ጣቱን ወደ ላይ፣ ወደ ቅልጥማችሁ አቅጣጫ ሳቡት። በሌላው እጃችሁ ውስጥ እግራችሁን ዳብሱ። ከተረከዝ ወደ ጣቶች የሚሄድ የተገተረ ጠንካራ ነገር አገኛችሁ? ያ ነው ፕላንታር ፋሺያ። ጥጥ የሚነደፍበትን ደጋን አስቡ፤ እንጨቱ የእግራችን ቅስት ነው፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል የተወጠረው ጅማት ደግሞ እሱ ነው። ስንራመድ ተረከዛችን ተነሥቶ ጣቶቻችን ሲታጠፉ ይወጠራል፤ ሲወጠር ቅስቱን ከፍ ያደርገዋል፤ እግራችንም ጠንክሮ ወደ ፊት ይገፋናል። ይህን አሠራር ሂክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1954 ገልጾታል።

አሁን ጣታችሁን ተረከዙ ላይ፣ ከውስጥ በኩል ወደ ፊት ጠጋ አድርጋችሁ ተጫኑ። ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዘው እዚያ ላይ ነው። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ስትጫኑት ከወንበሩ ብድግ የሚለውም እዚሁ ቦታ ላይ ነው።

ለረጅም ጊዜ ችግሩ ብግነት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ2003 ሌሞንትና ባልደረቦቹ በቀዶ ሕክምና ከ50 ሕመምተኞች የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ግን ያገኙት የተበጣጠሰና የተጎሳቆለ ጅማት ነበር፤ የብግነት ሴሎችን አላዩም። ይህ ብዙ ነገር ያብራራልናል። የብግነት ክኒን ለጊዜው ቢያስታግስም ሥር የሰደደውን ሕመም የማይነቅለው፣ የስቴሮይድ መርፌም ለአንድ ወር ያህል አሳርፎ ሕመሙ የሚመለሰው ለዚህ ነው። መርፌው ሲደጋገም ደግሞ ጅማቱን ሊበጥስ፣ የተረከዙን የስብ ትራስም ሊያሳሳ ይችላል። የተጎሳቆለ ጅማት የሚያገግመው በልኩ ጭነት እየተሰጠው፣ ራሱን እየጠገነ ነው። ማንኛውም መሣሪያ የሚመዘነውም ይህን ጥገና ያግዛል ወይ ተብሎ ነው።

ስለ አጥንት እሾህ አንድ ቃል ልበል። ራጅ ተነሥቶ ተረከዙ ላይ ሹል አጥንት የታየበት ሰው “የሚወጋኝ ይሄ ነው” ብሎ ይደመድማል። ምንም ሕመም የሌላቸው ብዙ ሰዎች ግን ያው እሾህ አላቸው። ስለዚህ “እሾሁን በማሽን ሰብረን እናጠፋዋለን” የሚላችሁ ካለ አትመኑት። ሾክ ዌቭ ተረከዝ ላይ የሚደረገው አጥንት ለመስበር አይደለም።

ከማሽን በፊት

መጀመሪያ ሕመሙ ይህ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ሌሊት ተኝታችሁም የሚያማችሁ፣ እግራችሁ ያበጠ፣ ትኩሳት ያለባችሁ፣ ከመውደቅ ወይም ከረጅም ጉዞ በኋላ ድንገት የጀመራችሁ፣ የሚያቃጥልና የሚያደነዝዝ ስሜት ያላችሁ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ሊሆን ይችላልና ቶሎ ታዩ። ሁለቱም ተረከዙ የሚያመው፣ ጠዋት ወገቡ ተሳስሮ የሚነሣ ወጣትም የመገጣጠሚያ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል መመርመር አለበት። የስኳር ሕመም ያለበት ወይም የሥጋ ደዌ ስሜቱን የወሰደበት እግር ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው፤ የማይሰማው እግር ላይ የሚሞቅም ሆነ የሚመታ መሣሪያ ማድረግ ሳያውቁት ቁስል መፍጠር ነው።

ሕመሙ የተረከዝ ጅማት መሆኑ ከታወቀ ቀዳሚው ሕክምና በእጃችሁ ነው። ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣችሁ፣ መሬት ሳትረግጡ፣ ቅድም እንዳደረግነው ጣቶቻችሁን ወደ ቅልጥማችሁ ሳቡና 10 ሴኰንድ ያዙ፤ 10 ጊዜ ድገሙት፤ በቀን 3 ጊዜ። ግድግዳ ተደግፎ ባትን ማፍታታትም አብሮ ይሄዳል፤ ባቱ የተሳሰረ ሰው ይህ ሕመም ይበዛበታልና። ቀጥሎ ማጠንከር ነው። በ2015 የወጣ የዴንማርክ ጥናት እንዳሳየው፣ የተጠቀለለ ፎጣ ከጣቶች ሥር አድርጎ ደረጃ ላይ በአንድ እግር መቆም፣ በ3 ሴኰንድ ተረከዝን ማንሣት፣ ለ2 ሴኰንድ መቆየት፣ በ3 ሴኰንድ ማውረድ፣ ይህንም ቀን እየዘለሉ መሥራት ከ3 ወር በኋላ ጥሩ ውጤት አለው።

ጫማም አትናቁ። የሳሳ ነጠላ ጫማ አድርጎ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ መዋል ጅማቱን ፋታ ይነሣዋል። ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቆ ለረጅም ሰዓት የሚቆም ሰው በሕመሙ ወቅት ወፈር ያለ ምንጣፍ ላይ ቢቆም፣ መቋሚያውንም የምር ቢደገፍበት ጥሩ ነው። በሶላት ጊዜ የቀኝ እግርን ጣቶች አጥፎ መቀመጥ ይህንኑ ጅማት ስለሚወጥረው፣ ሕመሙ የጠናበት ሰው የሚቀልለውን አቀማመጥ ቢጠቀም ይሻለዋል።

ከ10 ሕመምተኞች 8 ወይም 9ኙ ያለ ቀዶ ሕክምና በአንድ ዓመት ውስጥ ይሻላቸዋል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ ማሽኖቹ ስንሄድ ያስፈልገናል።

ሾክ ዌቭ

ሾክ ዌቭ በግፊት ሞገድ የሚያክም መሣሪያ ነው፤ ታሪኩ የሚነሣው ከአውሮፕላን ነው። ዶርኒየር የተባለው የጀርመን አውሮፕላን ሠሪ ከድምፅ የሚፈጥን አውሮፕላን ከዝናብ ጠብታ ጋር ሲላተም ምን ጉዳት እንደሚደርስበት ያጠና ነበር። ከግጭቱ የሚነሣው የግፊት ሞገድ ቁስ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ የተገኘው እውቀት ወደ ሕክምና ዞረ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1980 ሙኒክ ከተማ ውስጥ ዶክተር ክርስቲያን ቻውሲና ባልደረቦቹ የኩላሊት ጠጠር የነበረበትን የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ያለ ቢላ በዚህ ሞገድ አከሙ። ሕመምተኛው በውኃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ይገባ ነበር። ሞገዱ በውኃና በሥጋ ውስጥ እንደ ልቡ ያልፋል፤ አየር ግን ያግደዋል። ዛሬ ገንዳው ቀርቷል፤ ተረከዛችሁ ላይ የሚቀባው ጄል የዚያን ውኃ ሥራ ይሠራል።

ከጠጠር በኋላ ሐኪሞች ያልገጠመ አጥንት ላይ፣ ከዚያም ጅማት ላይ ሞከሩት። በ2000 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኦሳትሮን የተባለውን መሣሪያ ለተረከዝ ሕመም ፈቀደ። ፈቃዱ ግን ለማንም ሰው አልነበረም፤ ሕመሙ 6 ወር ወይም ከዚያ በላይ ለቆየባቸውና ሌላው ሕክምና ላልሠራላቸው ነበር።

ክሊኒክ ስትገቡ ከሁለት ዓይነት አንዱን ታገኛላችሁ። አንዱ ሞገዱን ጥልቀት ባለው አንድ ነጥብ ላይ የሚያሰባስብ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ሁለተኛውና በብዛት የሚታየው ራዲያል የሚባለው ነው። የእሱ እጀታ ውስጥ አንዲት ትንሽ የብረት ጥይት አለች። የታመቀ አየር በቱቦው ውስጥ ያስፈነጥራታል፤ ጫፉ ላይ ያለውን ብረት ትመታለች፤ ግፊቱም ከዚያ ወደ ሥጋችሁ ይገባና እየሰፋ፣ እየተበተነ ይሄዳል። ኃይሉ የሚበረታው ከቆዳ አጠገብ ነው። የተረከዝ ጅማት ደግሞ ብዙ ጥልቀት ስለሌለው ይደርስበታል።

በሆዳችሁ ትተኛላችሁ፤ እግራችሁ ከአልጋው ጫፍ ወጣ ይላል። ባለሙያው በጣቱ እየተጫነ “እዚህ ነው?” ይላችኋል፤ እናንተ ትመሩታላችሁ። ጄል ይቀባል፤ ከዚያ ታክ-ታክ-ታክ ይጀምራል። ያማል፤ ይህን ማንም አይሸሽጋችሁ። በዝቅተኛ ኃይል ተጀምሮ የምትችሉትን ያህል እየጨመረ ይሄዳል። በአንድ ቀጠሮ የተለመደው 2000 ምት ነው፤ በሴኰንድ 10 ምት ቢሆን ከ4 ደቂቃ በታች ያልቃል። በሳምንት ልዩነት 3 ጊዜ፣ አንዳንዴም እስከ 5 ጊዜ ይደገማል። ለአንድ ሁለት ቀን መቅላትና መቁሰል ሊኖር ይችላል። ውጤቱ የሚለካው ከ12 ሳምንት በኋላ ነው፤ በማግስቱ አልተሻለኝም ብላችሁ አትደንግጡ።

ይሠራል ወይ? እዚህ ላይ ጠንቀቅ እንበል። በ2002 አውስትራሊያ ውስጥ በ166 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ለማነጻጸሪያ ሲባል እውነተኛ መስሎ ከሚደረግ ማስመሰያ ሕክምና የተለየ ጥቅም አላገኘበትም። በ2003 ጀርመን ውስጥ 272 ሰዎችን ያሳተፈው ጥናትም እንዲሁ፤ ከታከሙት 34 በመቶ፣ ማስመሰያ ከተደረገላቸው 30 በመቶ ተሻላቸው። በኋላ የመጡት ግን ሌላ ነገር አሳዩ። በ2008 የወጣው የራዲያል ጥናት ሕመሙ በታከሙት 72.1 በመቶ፣ በማስመሰያው ቡድን 44.7 በመቶ መቀነሱን አስፍሯል። በ2015 ሞገድ የሚያሰባስበውን ዓይነት የፈተነው ጥናት ደግሞ በታከሙት 69.2 በመቶ፣ በማስመሰያው ቡድን 34.5 በመቶ መቀነስ አገኘ።

ልዩነቱ ከየት መጣ? አንዱ ምክንያት ማደንዘዣ ሳይሆን አይቀርም። የ2003ቱ ጥናት ተረከዙን አደንዝዞ ነበር የመታው። ሕመምተኛው ካልተሰማው ትክክለኛውን ቦታ ሊያሳይ አይችልም፤ የሕመም ነርቮች ለምቱ የሚሰጡት ምላሽም አብሮ ይደነዝዛል። በ2005 የወጣ የጀርመን ጥናት ሁለቱን ሲያወዳድር ያለ ማደንዘዣ የታከሙት የተሻለ ውጤት አገኙ። ስለዚህ አስቀድሞ በመርፌ ላደንዝዝላችሁ የሚል ክሊኒክ ቢገጥማችሁ ምክንያቱን ጠይቁ።

አሁን ወደ ማስመሰያው ቡድን ተመለሱ። ያ የ44.7 በመቶ ቅናሽ የመጣው ምንም ሞገድ ካልገባበት እግር ነው። የተሻለው በጊዜ፣ በተስፋ፣ በእንክብካቤ ነው፤ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁጥርም ይህንኑ ይላል። ስለዚህ “ከደንበኞቻችን ግማሹ ተሽሎታል” የሚል ማስታወቂያ ስታነቡ፣ ከእነሱ ብዙዎቹ ማሽኑ ጠፍቶም ሊሻላቸው ይችል እንደነበር አስቡ። መሣሪያው ዋጋ የሚኖረው ከዚያ በላይ በጨመረው ነው። የእንግሊዝ የጤና ጥራት ተቋም ናይስም በ2009 መሣሪያው አሳሳቢ አደጋ እንደሌለው፣ ስለ ጥቅሙ ያለው ማስረጃ ግን እንደማይጣጣም ጽፏል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ብዙ የመድን ድርጅቶች እስካሁን እንደ ሙከራ ስለሚቆጥሩት ወጪውን እንደማይሸፍኑ ከወዲሁ እወቁ።

ስለ ተራ የማወራው ለዚህ ነው። በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ሕመሙ ገና 6 ሳምንት ያልሞላቸውን 102 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ አንዱን ቡድን በራዲያል ሾክ ዌቭ፣ ሌላውን ጣት በመሳቡ እንቅስቃሴ አከመ። በሁለት ወሩ በውጤቱ የረኩት ከእንቅስቃሴው ቡድን 65 በመቶ፣ ከማሽኑ ቡድን 29 በመቶ ነበሩ። በአዲስ ሕመም ላይ የገዛ እጃችሁ ማሽኑን ረታው ማለት ነው። ሕመሙ 6 ወር ሲያልፍና ሥር ሲሰድ ግን ማሽኑ ቦታ ያገኛል፤ ያም ሆኖ እንቅስቃሴውን ሳያቋርጡ ነው።

ሾክ ዌቭ የማይደረግላቸው አሉ፦ ነፍሰ ጡር ሴት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም ደሙ የማይረጋ ሰው፣ ቦታው ላይ ዕጢ ወይም ኢንፌክሽን ያለበት፣ አጥንቱ ገና የሚያድግ ልጅ፣ በቅርቡ እዚያው ላይ የስቴሮይድ መርፌ የወሰደ። እነዚህን ሳይጠይቅ መሣሪያውን የሚያነሣ ባለሙያ ካያችሁ ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ።

ሌሎቹ

ሌዘር ሲባል የሚቆርጠው እንዳይመስላችሁ። ይህ ቀይና ከቀይ በታች የሆነ ደካማ ብርሃን ነው፤ አያቃጥልም። ታሪኩ የሚነሣው ከቡዳፔስት ነው። በ1967 ኤንድሬ ሜስተር የተባሉ ሐኪም ሌዘር ካንሰር ያስከትል እንደሆነ ለማየት ፀጉራቸው የተላጨ አይጦች ላይ አበሩት። ካንሰሩ አልመጣም፤ ፀጉራቸው ግን ብርሃን ካልበራባቸው አይጦች ቀድሞ አደገ። ዛሬ ለተረከዝ ሕመም ከእንቅስቃሴ ጋር ተደርጎ ለአጭር ጊዜ እንደሚያስታግስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ የአሜሪካ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች መመሪያም ተቀብሎታል። ብቻውን ግን አይበቃም፤ ዓይንም ከብርሃኑ በመነጽር ይጠበቅ።

ሁለት አልትራሳውንድ አለ፤ እንዳይምታታባችሁ። የምርመራው ጠቃሚ ነው፤ ጅማቱ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ወፍሮ እንደሆነ ያሳያል። የሕክምናው ግን በብዙ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ቢገኝም በ1996 ተፈትኖ በዚህ ሕመም ላይ ከማስመሰያ አልተሻለም። ለእሱ ብቻ ብላችሁ አትመላለሱ።

የሌሊት ድጋፍ የሚባለው ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይ አጥፎ የሚይዝ ነገር ነው። ስንተኛ እግራችን ወደ ታች ይዘረጋል፤ ጅማቱ አጥሮ ያድርና ጠዋት ስንረግጥ ድንገት ይወጠራል። ድጋፉ ይህን ያስቀራል። የጠዋቱ እርምጃ ዋና ሥቃዩ ለሆነበት ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ቢጠቀምበት ይመከራል። ችግሩ እንቅልፍ መንሣቱ ነው፤ ብዙ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ፈትቶ ይጥለዋል።

የጫማ ገበር ላይ ገንዘባችሁን ቆጥቡ። በ2006 አውስትራሊያ ውስጥ 135 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በልክ የተሠራው ውድ ገበር ከሱቅ ከሚገዛው ጠንከር ያለ ገበር በዓመቱ መጨረሻ ልዩነት እንደሌለው አሳይቷል። ማግኔት ያለበት ደግሞ በ2003 በ101 ሰዎች ላይ ማግኔት ከሌለው አምሳያው ጋር ተፈትኖ ምንም ብልጫ አላሳየም። ዘመዳችሁ ካመጣላችሁ አመስግናችሁ ተቀበሉ፤ እንደ ገበርነቱ ያገለግላችኋል።

ከመክፈላችሁ በፊት

ክሊኒክ ስትገቡ አራት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። ሕመሜ ይህ መሆኑን በምን አረጋገጣችሁ? የማሽኑ ዓይነት ራዲያል ነው ወይስ የሚያሰባስብ? ስንት ጊዜ ነው፣ ጠቅላላ ዋጋውስ? ቤት ሄጄ የምሠራው እንቅስቃሴ የትኛው ነው? የመጨረሻውን የማይመልስ ቦታ የሚሸጥላችሁ ማሽኑን ብቻ ነው።

የተራው አቆጣጠር እንግዲህ ይህ ነው። ሕመሙ ከጀመረ እስከ 6 ሳምንት፦ ጣት መሳብ፣ ባት ማፍታታት፣ ጫማ ማስተካከል፣ የቆማችሁበትን ሰዓት መቀነስ። ከዚያ እስከ 3 ወር፦ ማጠንከሩን ጨምሩ፤ የሱቅ ገበርና የሌሊት ድጋፍ የሚሞከሩትም አሁን ነው። ከ3 እስከ 6 ወር፦ ለውጥ ከሌለ ባለሙያ እንደገና ይያችሁ፤ ምርመራው ይከለስ፤ ሌዘርም ይታሰብ። ከ6 ወር በላይ ከሆነና ይህን ሁሉ በትክክል ከሠራችሁ የሾክ ዌቭ ተራ ደርሷል፤ ያኔ የምትከፍሉት ገንዘብ ለሚገባው ነገር ነው። ቀዶ ሕክምና የሚመጣው ከሁሉም በኋላ፣ ለጥቂቶች ነው።

 አሁን ወደ ጥያቄያችሁ እንሂድ፤ ጫማ ያወለቃችሁ ካላችሁም ገና አታድርጉት፤ ቆይተን እንቅስቃሴውን አብረን እንሠራዋለን።